«መድኃኒት» የምንለው መርዝ

በአዳማ ዙሪያ ቲማቲም ወይም ሽንኩርት የሚያለማ ሰው «ዛሬ መድኃኒት እረጫለሁ» ካላችሁ ሊረጭ ያሰበው ፀረ-ተባይ ኬሚካል ነው። በአፋን ኦሮሞም ነገሩ ያው ነው። ለራስ ምታት የምንውጠውም «ቆሪቻ» ነው፣ የቲማቲሙን ትል የሚገድለውም «ቆሪቻ» ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች የተመካከሩ ይመስል መርዙን በደግ ስም ይጠሩታል።

እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ፤ ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ከሰብሉ በኩል ካያችሁት ነውር የለበትም። የታመመ ተክል ይታከማል፣ ይድናል። መርጫውን በጀርባው ላዘለው ሰው ግን መድኃኒት አይደለም፤ ስሙ ደግሞ እንዳይፈራው ያደርገዋል። መድኃኒት ማን ይፈራል? እጄን ቢነካኝ፣ ትንሽ ቢሸተኝ ምን ያደርገኛል ይላል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የእናንተ እኩያ ነው፤ ምናልባትም ወንድማችሁ ወይም የሰፈራችሁ ልጅ።

ከአዳማ እስከ ባቱ

ከአዳማ ወጥታችሁ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ብትታጠፉ ቆቃን፣ ዓለም ጤናን፣ መቂን እያለፋችሁ ባቱ ትገባላችሁ፤ የቀድሞዋ ዝዋይ። መሬቱ ደረቅ ነው፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ግራር እዚህም እዚያም ቆሟል። ከዚያ ድንገት በመስኖ የረጠበ አረንጓዴ ማሳ ይመጣል። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቃሪያ፣ ፋሶሊያ። ባቱ ስትደርሱ ደግሞ በሐይቁ አቅራቢያ የጽጌረዳ ግሪን ሃውሶች ጣሪያቸው እያብለጨለጨ ይታያል። በሌላው አቅጣጫ፣ ከአዳማ ብዙም ሳይርቅ አዋሽ መልካሳ ላይ፣ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የአገሪቱ የአትክልት ምርምር ዋና ቤት ነው። «አዳማ ሬድ» የሚባለው ቀይ ሽንኩርት ስሙን ያገኘው ከከተማችን ነው።

ሙቀትና መስኖ ሲገናኙ ዓመቱን ሙሉ ማምረት ይቻላል። ተባዩም ዓመቱን ሙሉ ቀለብ አለው ማለት ነው። ሽንኩርቱን ትሪፕስ የሚባል ጥቃቅን ተባይ ይመጠዋል፤ ቲማቲሙን ፈንገስ ያደርቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢ ደግሞ መነሻዋ ደቡብ አሜሪካ የሆነች «ቱታ አብሶሉታ» የምትባል የእሳት ራት አገራችን መግባቷ ታወቀ። ትሏ ቅጠልና ፍሬ ውስጥ ሰርስራ ስለምትገባ ከላይ የሚረጨው ኬሚካል በቀላሉ አያገኛትም። ገበሬው አንዴ ረጭቶ ካልሞተችለት ይደግማል፣ ይሠልሳል፤ ሁለት ሦስት ዓይነት ቀላቅሎም ይሞክራል።

እስቲ ራሳችሁን በእሱ ቦታ አድርጉት። መሬቱን ተከራይቷል። ለዘሩ፣ ለማዳበሪያው፣ ለውሃ መሳቢያው ነዳጅ ብር አውጥቷል፤ ምናልባትም ተበድሮ። አንድ ሳምንት ቢዘናጋ የወራት ድካሙ ትል ይበላዋል። በዚህ ሰዓት ጓንት አድርግ፣ ነፋሱ እስኪበርድ ጠብቅ ብትሉት ጆሮ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ገበሬውን ብቻ ጥፋተኛ አድርጎ ማለፍ አያዋጣም።

መርጨቱ ራሱ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው ወጣት ላይ ነው። ጉልበት ይፈልጋላ! በተለምዶ የጀርባ መርጫው ከ15 እስከ 20 ሊትር ይይዛል። ሲሞላ ሃያ ኪሎ ገደማ ነው። እሱን አዝሎ በአንድ እጅ እየፓመፑ፣ በሌላው እጅ አፍንጫውን እየመሩ በመስመሩ መሃል መሄድ ነው። ሲያልቅ ይሞላል፣ እንደገና ይታዘላል።

በዚህ ላይ ነፋሱን ጨምሩበት። አዳማ በነፋሷ ትታወቃለች። ለዚህ ነው አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉባት። ያንን ሁሉ ተርባይን የሚያዞር ነፋስ ከመርጫው የወጣውን ጉም መልሶ በረጪው ፊት ላይ ማልበስ አያቅተውም።

ጥናቱ ምን አለ?

«እኛ ጋ ሰው ጠንካራ ነው፣ ምንም አይሆንም» የሚል ካለ ቁጥር እናስቀምጥለት። እ.ኤ.አ. በ2016 በየነ ነጋቱ፣ ያለምፀሐይ መኮንንና የኔዘርላንድስ ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ የፀረ-ተባይ አጠቃቀም ላይ የሠሩት ጥናት ታትሟል። ፕሮፌሰር ያለምፀሐይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ሙሉ ፕሮፌሰር ናቸው፤ የእርሻ ኬሚካል በሠራተኛ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለብዙ ዓመታት ሲያጠኑ ቆይተዋል። ጥናቱ 601 ገበሬዎችንና የእርሻ ሠራተኞችን ያካተተ ሲሆን ሦስት ዓይነት እርሻዎችን አነጻጽሯል፦ ትላልቅ ግሪን ሃውሶችን፣ ሰፋፊ ሜዳ ላይ ያሉ እርሻዎችንና አነስተኛ የመስኖ እርሻዎችን።

ከሠራተኞቹ 85 በመቶ የሚሆኑት ስለ ፀረ-ተባይ ምንም ዓይነት ሥልጠና አላገኙም። የተሟላ የደህንነት ልብስ የሚጠቀሙት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። 62 በመቶዎቹ ከሥራ በኋላ ገላቸውን የመታጠብ ልማድ አልነበራቸውም። ከረጪዎቹ መካከል ሥልጠና ያገኘው በግሪን ሃውስ 35 በመቶ ሲሆን በአነስተኛ የመስኖ እርሻ ግን 4 በመቶ ነው። ከመቶ አራት!

አንድ ቁጥር ደግሞ አለ፣ እኔን ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ። ከተረጨ በኋላ ወደ ማሳው ገብተው የሚለቅሙ፣ የሚገርዙና የሚያርሙ ሴት ሠራተኞች ውስጥ ሥልጠና ያገኘች አንዲትም አልተገኘችም። እነሱ መርጫ አላዘሉም፤ ኬሚካል የሚነካቸው መሆኑን የሚነግራቸውም የለም። ግን ቅጠሉ ላይ ያረፈው ሁሉ የሚራገፈው በእነሱ እጅና ክንድ ላይ ነው።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በቀጣይ ባወጧቸው ጥናቶች ለኬሚካሉ የተጋለጡ ሠራተኞች ካልተጋለጡት ይልቅ ሥር የሰደደ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠርና የሳንባ አቅም መቀነስ እንደሚታይባቸው አሳይተዋል። ከነርቭ ጋር የተያያዙ ምልክቶችም በብዛት ታይተውባቸዋል።

በአፍንጫ ብቻ አይደለም፣ በቆዳም ይገባል

ብዙ ሰው ኬሚካል ሲባል ቶሎ የሚያስበው አፍንጫውን ነው። ፊቱን በሻርፕ ይሸፍናል፤ ከኮሮና የተረፈች ማስክ ካለችውም ያደርጋታል። ሻርፕም የኮሮና ማስክም አቧራ ቢቀንሱ እንጂ የኬሚካል ተን አያግዱም። ለዚያ የሚሠራው የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ ነው፤ ማጣሪያውም በጊዜው መቀየር አለበት።

ዋናው በር ግን ሌላ ነው። ሜዳ ላይ ለሚረጭ ሰው መርዙ በብዛት የሚገባው በቆዳው በኩል ነው። ሁሉም ቆዳ ደግሞ እኩል አያስገባም። እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመ ታዋቂ የአሜሪካ ጥናት ፓራታዮን የተባለውን ፀረ-ተባይ በሰውነት የተለያዩ ክፍሎች ላይ ለክቶ ነበር። በክንድ በኩል የገባውን አንድ ብንለው፣ በራስ ቅል ቆዳና በግንባር በኩል 4 እጥፍ ገደማ፣ በብብት ከ7 እጥፍ በላይ፣ በወንድ የዘር ፍሬ ከረጢት በኩል ደግሞ 12 እጥፍ ገደማ ይገባል።

አሁን ያንን የጀርባ መርጫ አስቡት። ክዳኑ በደንብ የማይገጥም፣ ጎማው የተበላ፣ ጠብ ጠብ የሚል። ፈሳሹ በጀርባ ወርዶ ሱሪው ውስጥ ይገባል፣ ላብ ይቀላቀለዋል። ኬሚካሉ በቀላሉ የሚገባበት የሰውነት ክፍል ላይ ደርሶ እስከ ማታ እዚያው ይቆያል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ለዚህ ሥራ የተተረተ ይመስላል።

የሙቀቱ ነገርም ቀላል አይደለም። ቱታ፣ ጓንትና ቦት ጫማ አድርጎ በመቂ ፀሐይ ሃያ ኪሎ ተሸክሞ መሄድ ማለት በቁም መቀቀል ነው። ልጆቹ ልብሳቸውን አውልቀው በቲሸርት፣ አንዳንዴም በነጠላ ጫማ ቢሠሩ አይገርምም። ስለዚህ ምክሩ ለአየሩ የሚሆን መሆን አለበት። ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታና ነፋስ ሳይነሳ መርጨት፤ ቢያንስ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ፣ ረጅም ሱሪ፣ የላስቲክ ጓንትና ቦት ጫማ ማድረግ፤ ሱሪውን ቦት ጫማው ውስጥ ሳይሆን በላዩ ማውረድ፣ ፈሳሹ ጫማ ውስጥ እንዳይንቆረቆር። ከሁሉም በፊት ደግሞ የሚያፈስ መርጫ አለማዘል። በንጹህ ውሃ ሞልቶ መፈተን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

«ለምጄዋለሁ»

አንድ ዘመዴ በመቂ በኩል ይረጫል። ጉዳዩን ባነሳሁበት ቁጥር የሚመልስልኝ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ሰሞን ራሱን ያመው ነበር፣ አሁን ለምዶታል። ይህን የሚለው እሱ ብቻ አይደለም፤ ከረጪዎች አፍ የማይጠፋ ቃል ነው።

የለመደው አፍንጫው ነው። ደሙ ውስጥ ያለው ነገር ሌላ ታሪክ ነው። በአትክልት እርሻ የሚረጩ በርካታ ፀረ-ተባዮች፣ ለምሳሌ ፕሮፌኖፎስ፣ ዳይሜቶኤት፣ ክሎርፓይሪፎስ፣ ማላታዮን፣ «ኦርጋኖፎስፌት» ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። ነፍሳትን የሚገድሉት ነርቭን በማወክ ነው፤ የእኛም ነርቭ የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ነርቭ ለጡንቻ «ተንቀሳቀስ» የሚል መልእክት ከላከ በኋላ መልእክቱን የሚያጠፋ ኮሊንኤስቴሬዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። እነዚህ ኬሚካሎች ያንን ማጥፊያ ያስሩታል። መልእክቱ ሳይጠፋ ይቀራል፤ ማብሪያው እንጂ ማጥፊያው የማይሠራ አምፖል በሉት።

ምልክቱ ከዚህ የተነሳ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ብዙ ላብ፣ የምራቅ መብዛት፣ እንባ፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ የዓይን ብዥታ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ። የዓይን ብሌን ይጠብባል። ሲከፋ ትንፋሽ ያቆማል። ቀለል ሲል ደግሞ የሚያታልል ነገር አለው፦ ድካምና ራስ ምታት ብቻ ይሆናል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ራስ ምታትና ማስታወክ ሲመጣ ቶሎ የሚጠረጠረው ወባ ነው፤ ካልሆነም ምች፣ ካልሆነም ፀሐይ። የተረጨውን የሚያስታውስ የለም። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ «ሥራህ ምንድነው?» ካልተባላችሁ እናንተው ንገሩ፤ «ትናንት ስረጭ ነበር» የምትለዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር የሐኪሙን ሐሳብ ልትቀይር ትችላለች። ለእነዚህ ኬሚካሎች አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለ፤ ሐኪሙ ግን ምን እንደነካችሁ ማወቅ አለበት።

ኢንዛይሙ በደም ምርመራ ይለካል። አንዴ ከቀነሰ ወደ ቦታው ለመመለስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል። በየሳምንቱ የሚረጭ ልጅ ሳይሞላለት ሌላ ይጨምርበታል። «ለምጄዋለሁ» እያለ ያለው እንግዲህ በዚህ መሃል ነው።

በጊዜ ብዛት የሚመጣውም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ማላታዮንንና ዳያዚኖንን ካንሰር የማምጣት ዕድላቸው ከፍተኛ ነው ከሚላቸው ምድብ አስገብቷቸዋል። ክሎርፓይሪፎስን የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ከገበያ አስወጥቶታል፤ በ2025 ደግሞ በስቶክሆልም ስምምነት አንዳንድ ጊዜያዊ ልዩ ፈቃዶች ቢቀሩም እንዲወገድ ተወስኗል።

ወተት አያረክሰውም

በአገራችን ከቀለም ፋብሪካ እስከ እርሻ ድረስ ኬሚካል የነካ ሰው ወተት ይጠጣል። «ወተት መርዝ ያረክሳል» የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው፤ ወተት የሚያቀርብ ቀጣሪም እንደ ደግ ይቆጠራል። ወተት ምግብ ነው፣ ማንም አይጠላውም። ነገር ግን በቆዳና በሳንባ በኩል ደም ውስጥ የገባን ኬሚካል ሆድ ውስጥ ያለ ወተት ሊያገኘው አይችልም። ኬሚካሉ ተውጦ ከሆነማ ስብ ያለው መጠጥ አንዳንዱን በስብ የሚሟሟ መርዝ ይበልጥ ወደ ሰውነት እንዲገባ ሊያግዘው ይችላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ወተቱ የሚሰጠው የውሸት መተማመን ነው። «ወተት ጠጥቻለሁ» ብሎ ሳይታጠብ የሚተኛ ሰው አለ። ለአንድ ሊትር ወተት የሚወጣው ብር ለሳሙናና ለጓንት ቢወጣ ብዙ ይሠራ ነበር።

የሚሠራው ነገር እንግዲህ ይኸው ነው። ኬሚካል ከፈሰሰባችሁ ልብሱን ወዲያው አውልቁ፤ ገላን በብዙ ውሃና በሳሙና ታጠቡ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹህ ውሃ እጠቡት። የዋጠ ሰው እንዲያስመልስ አታስገድዱት። የኬሚካሉን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ቤት ድረስ የሚከተል ልብስ

እዚህ ላይ ለአፍታ ከእርሻ ወጥተን ወደ እሳት አደጋ ሠራተኞች እንሂድ። ይኸው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 የእሳት አደጋ ሠራተኝነትን ሙያውን ራሱን ካንሰር አምጪ ብሎ በአንደኛው ምድብ መድቦታል። ምክንያቱ ነበልባሉ አይደለም፤ ጭሱና ጥላሸቱ ውስጥ ያለው ኬሚካል ነው። ያ ኬሚካል በልብስ ላይ ተጣብቆ ወደ መኪናው፣ ወደ ጣቢያው፣ ወደ ቤት ይከተላል። በውጭ አገር በጥላሸት የጠቆረ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ኮፍያ የጀግንነት ምልክት ነበር። አሁን አስተሳሰቡ እየተቀየረ ነው፤ የቆሸሸ ልብስ ይታጠባል፣ ከሰው መቀመጫም ይለያል።

የእኛም ረጪ የሚያስፈልገው ይኸው ለውጥ ነው። «እኔን ምንም አይነካኝም» ማለት እንደ ጉብዝና የሚታይበት ሰፈር አለ። የረጨበትን ሸሚዝ ለብሶ ቤት ይገባል፣ ልጁን ያቅፋል፣ አልጋ ላይ ጋደም ይላል። ሸሚዙን እናቱ ወይም ሚስቱ ከሕፃኑ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ፣ በባዶ እጅ ታጥበዋለች። እሷ ማሳውን አይታው አታውቅም፤ ኬሚካሉ ግን እሷ ጋም ደርሷል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የመርጫ ልብስ ለብቻው ይሁን። ማሳው ላይ ተቀይሮ በፌስታል ተጠቅልሎ ይምጣ። በሌላ ሳፋ፣ በጓንት፣ ብቻውን ይታጠብ፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ገላም ቢቻል እዚያው እርሻው ላይ፣ ካልሆነም ቤት እንደተደረሰ፣ እራት ሳይቀርብ ይታጠብ።

ሌላው ቤት የሚገባው ነገር ባዶ ጀሪካኑ ነው። ዕቃ ውድ ነው፤ ጠንካራ ፕላስቲክ ሲገኝ መጣሉ ያሳሳል። ታጥቦ ውሃ ወይም ዘይት ይያዝበታል። የኬሚካል ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ ለምግብና ለውሃ አይሆንም። ሦስት ጊዜ አለቅልቆ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምሮ መርጨት፣ ከዚያ ዕቃውን መብሳት፤ የተበሳ ጀሪካን ማንም ውሃ አይቀዳበትም።

ጽጌረዳውን የሚጠይቅ አለ

በሥልጠናው ቁጥር ውስጥ 35 እና 4 ያየነው ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። አበባው ወደ አውሮፓ ይሄዳል። ገዢው የምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ ሠራተኛው ጓንት አለው ወይ፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ሰዓት ተጠብቆ ተገባ ብሎ የሚመረምር አካል ይመጣል። የኢትዮጵያ የሆርቲካልቸር አምራችና ላኪዎች ማኅበርም የራሱን የአሠራር ደንብ አውጥቷል። እርግጥ 35 በመቶ ማለት ከመቶ 65ቱ አልሠለጠኑም ማለት ነው፤ የግሪን ሃውስ አየር ደግሞ ዝግ ስለሆነ ኬሚካሉ ቶሎ አይበተንም። ቢሆንም ጠያቂ መኖሩ የተወሰነ ለውጥ አምጥቷል።

የእኛን ቲማቲም ማን ይጠይቃል? ገበያ ላይ ዋጋውን እንጠይቃለን፣ ብስለቱን በጣታችን ጫን ብለን እናያለን። ማን እንደረጨው፣ ምን ለብሶ እንደረጨው የሚጠይቅ የለም።

ሕጉ ግን አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ለሠራተኛው እንዲያስተምር፣ የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለው ደግሞ አደገኛ ሥራ ላይ አይመደብም። ነፍሰ ጡር ሴትም እንዲሁ። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ደግሞ ያልተመዘገበ ኬሚካል መሸጥን ይከለክላል። ችግሩ ጠዋት መንገድ ዳር ተገናኝተው በቃል ተስማምተው ማታ ሒሳብ ተቀብለው የሚለያዩት ረጪና ገበሬ ጋ እነዚህ ወረቀቶች እምብዛም አይደርሱም። እዚያ የሚደርሰው የወረዳው የግብርና ባለሙያ፣ ኬሚካል ሻጩና... እናንተ ናችሁ።

ስልካችሁ የሚሠራው ሥራ

ለምን እናንተ? ስልክ ስለያዛችሁ። በማሳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ የኬሚካሉን ጽሑፍ ማንበብ ላይችል ይችላል፤ ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ብዙ ጊዜም እንግሊዝኛ ነው። እናንተ ግን ፎቶ አንስታችሁ ማጉላት፣ መተርጎም፣ ማንበብ ትችላላችሁ። አራት ነገር ፈልጉ።

አንደኛ፣ «ንጥረ ነገሩ»። የንግድ ስሙ ሌላ፣ ውስጡ ያለው ሌላ ነው። ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ጠርሙሶች ውስጣቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ «ቀላቀልኩ» የሚለው ሰው መጠኑን እጥፍ አደረገው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከግርጌ ያለው ቀለም። ቀይ እጅግ አደገኛ ነው፣ ቢጫ ከዚያ ቀጥሎ፣ ሰማያዊ ከዚያ፣ አረንጓዴ የመጨረሻው። ግን አንድ ነገር አትርሱ፤ ቀለሙ የሚናገረው ወዲያው ስለሚመርዘው ብቻ ነው። ቲማቲም ላይ በብዛት የሚረጨው ማንኮዜብ በዚህ መለኪያ ከዝቅተኛው ምድብ ነው፤ ሆኖም የአውሮፓ ኅብረት በመራቢያ ጤናና በሆርሞን ላይ ባለው ስጋት የተነሳ እ.ኤ.አ. በ2020 ፈቃዱን አላድስም ብሏል። አረንጓዴ ማለት «በባዶ እጅ ንካኝ» ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ተረጭቶ ሰው ወደ ማሳው እስኪገባ የሚጠበቀው ሰዓት። ይህ ለለቃሚዎቹ ነው። አራተኛ፣ ተረጭቶ ሰብሉ እስኪሰበሰብ የሚጠበቀው ቀን። ይህ ለሁላችንም ነው።

ጽሑፉ የተፋቀ፣ ወይም ከትልቅ ዕቃ በውሃ ፕላስቲክ ተቀንሶ የሚሸጥ ኬሚካል ከሆነ አይገዛም። ነገሩ አጭር ነው። ምን እንደሆነ ያልታወቀ ነገር ሰው ሲመርዝ ሐኪምም ግራ ይገባዋል።

ደግሞ ለሚረጭ ወንድማችሁ ስትነግሩት አዋቂ አትምሰሉበት። እሱ ሥራውን ከእናንተ በላይ ያውቃል። እኔ ለዘመዴ የብብቱንና የግንባሩን ቁጥር ስነግረው ነው መጀመሪያ የሳቀው፣ ከዚያ ዝም ያለው። የወተቱን ስነግረው ግን ተከራከረኝ። ክርክሩ ራሱ ጥሩ ነው፤ ቢያንስ ነገሩ ወሬ ሆነ።

ለገበሬዎቹ ደግሞ፣ ለኦቦዎቻችንና ለእትዬዎቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። ረጪ ስትቀጥሩ ማሳው ዳር አንድ በርሜል ንጹህ ውሃና አንድ ሳሙና አስቀምጡ። ለኬሚካሉ ካወጣችሁት ጋር ሲተያይ ዋጋው ኢምንት ነው። ከመቶ 62ቱ ሳይታጠቡ ቤታቸው የሚገቡት ሁሉም ስለሰነፉ አይደለም፤ ብዙ ቦታ ውሃው ለሽንኩርቱ እንጂ ለሠራተኛው ተብሎ አይቀዳም።